እግሩ ነው ወይስ መኪናዋ?

ባለፈው ሳምንት ቀብሪበያ ልጄ ዘንድ ስሄድ የተሳፈርኩበት ሚኒባስ መንገድ ላይ አንገራገረና ዳር ያዘ። የተቀመጥኩት ጋቢና ነበር፤ ለጉልበቴ ብለው ሁልጊዜ ጋቢናውን ይለቁልኛል። ሹፌሩ ወርዶ በእኔ በኩል መጣና በሩን ከፈተ።

«እማማ፣ አንዴ ላስቸግርዎት፤ ሥራዬ ያለው የተቀመጡበት ስር ነው።»

ወረድኩለት። ወንበሩን ገልብጦ የአየር ፊልትሮውን ከስር አወጣና ከጎማው ጋር ያጋጨው ጀመር። ቧ! ቧ! ባጋጨው ቁጥር አቧራው ቡን ይላል። የጅግጅጋ ነፋስ ደግሞ አቧራ ሲያገኝ ደስ ይለዋል፤ ተቀብሎት ወደ ሜዳው ይዞት ይሄዳል። ተሳፋሪው ያጉረመርማል። ፍየሎቹን ጣራ ላይ ያስጫነ አንድ ነጋዴ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ዋሪያ! ፍየሎቼ እዚህ ተጠብሰው ገበያ ሊደርሱ ነው እኮ!» ይላል። እኔ ግን ሻሼን ከነፋሱ እየሰበሰብኩ፣ ያን አቧራ እያየሁ ፈገግ አልኩ። ሹፌሩ አየኝ።

«ምነው እማማ፣ በእኔ ይስቃሉ?»

«በአንተ አይደለም ልጄ» አልኩት። በማን እንደሆነ እንዳልነግረው ደግሞ የቀረው መንገድ አይበቃኝም ነበር። እዚህ ልንገረው።

ሰው ወጣትነቱን በወጣትነቱ ያገኘዋል ይባላል። እኔ አላገኘሁትም። ከወሎ ወደ ጅግጅጋ የመጣሁት ጡቴ በቅጡ ሳይወጣ፣ ሰይድን አግብቼ ነው። ሰይድ የካሚዮን ሹፌር ነበር። አሰብ ይሄዳል፣ ጅቡቲ ይሄዳል፤ ቤት የመጣ እንደሆነ ያጠብኩለት ልብስ ሳይደርቅ ተመልሶ ይሄዳል። ልጆቹ አባታቸው መምጣቱን የሚያውቁት ከሩቅ በክላክሱ ነው። አምስት ልጅ አሳደግን እላለሁ ሰው ሲጠይቀኝ። አሳደግን ማለት እሱ ጎማ ሲቀይር እኔ የሽንት ጨርቅ ስቀይር ነው። ፊደል እንኳ የቆጠርኩት ልጆቹ የቤት ሥራ ሲሠሩ አጠገባቸው ተቀምጬ ሽንኩርት እየላጥኩ ነው፤ ለዚህ ነው መሰለኝ «ሀ» ባየሁ ቁጥር ዓይኔን የሚቆጠቁጠኝ። በዚያ ሁሉ ዘመን ታዲያ ከሰይድ አጠገብ፣ ጋቢና ውስጥ፣ አንድ ቀን ተቀምጬ አላውቅም። ጋቢናው የረዳቱና የባለ ጭነቱ ነበር።

ባዶ እጁን ግን አይመጣም። በኤረር በኩል ያለፈ እንደሆነ ቅጠሉ ያልተለየው ብርቱካን ይዞልኝ ይመጣል። ኤረር ከድሬዳዋ ወዲያ፣ በድሮው የባቡር ሐዲድ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። ዙሪያዋን የግመልና የፍየል አገር ነው፤ ሰይድ እንደሚነግረኝ ግን መሐሏ ፍል ውኃ ይፈልቃል፣ የብርቱካንና የሎሚ አትክልት አለ። ብርቱካኑን ለልጆቹ ከፋፍዬ ቅጠሉን ለራሴ አስቀራለሁ። በጣት ሲያሹት የሚሸተው ነገር አለው፤ ሰይድ መንገድ ከሄደ በኋላም እጄ ላይ ይቆያል።

«አንድ ቀን ከዛፉ ላይ በእጅሽ ትቀጥፊያለሽ» ይለኝ ነበር።

«እሺ» እላለሁ። ሹፌር ቃል ሲገባልሽ እሺ ትያለሽ፤ መጠበቅ ግን አትጀምሪም።

ዘመኑ ሄደ። ልጆቹ አገቡ፣ ተበተኑ። ሰይድ ጡረታ ወጣ። የበኩር ልጃችን ከድር፣ ጅግጅጋ መሥሪያ ቤት የሚሠራው፣ ለአባቱ አንዲት ነጭ የቤት መኪና ገዛለት። «ለመስጊድና ለገበያ ትሁንህ» አለው። መኪናዋ ያገለገለች ናት፤ ወንበሯ ግን እንደ ሙሽራ አልጋ ይለሰልሳል። ይህ የሆነው ኮሮና የሚባለው በሽታ ከመምጣቱ ቀደም ባለው ጊዜ ነው። እኔም ወጣት የሆንኩት ያኔ ነው።

አትሳቁብኝ። ከዐስር ሶላት በኋላ ሰይድ ሸሚዙን ቀይሮ በር ላይ ክላክስ ያደርጋል። ቤት ገብቶ መጥራት ሲችል! እኔም ሽቶ ነካ ነካ አድርጌ እወጣለሁ። ከከተማው ወጣ ብለን፣ ሴቶች የግመል ወተት በሚሸጡበት መንገድ ዳር እናቆምና የወተት ሻይ እንጠጣለን። ቅመሙ የበዛበት፣ ስኳሩም የበዛበት ነው። ፀሐይ በካራማራ ተራራ ጀርባ ስትገባ እናያለን። ጎረቤቴ ሆዳን፣ ሶማሌዋ፣ በአጥር ላይ ብቅ ትልና ትነካካኛለች።

«ናያ ሩቂያ! ሰሞኑን አገባሽ እንዴ?»

«አዎ፣ አንድ ሹፌር አግኝቼ።»

«ተጠንቀቂ፤ ሹፌር በየከተማው ሚስት አለው ይባላል።»

«ወደ ሌሎቹ የሚወስደው መኪና ተበላሽቷል፤ ለእኔ ቀረ።»

ታዲያ አንድ ቀን ሻይ እየጠጣን ሰይድ ብርጭቆውን አስቀመጠና «ሩቂዬ፣ ብርቱካኑ ደርሷል። ኤረር እንሂድ» አለ። በጋ ነበር፤ እዚህ አገር ጂላል የሚሉት፣ ዝናብ የራቀው ወራት። እኔ በዚህ ዕድሜዬ ሌሊቱን እንደ ዒድ ዋዜማ ልጅ ሳልተኛ አደርኩ። እንጀራ የሚመስለውን ስስ ላሆህ ጋገርኩ፤ በቅቤ የተቀመጠ ሙቅመድ ሥጋ በዕቃ ያዝኩ።

ከጅግጅጋ ወደ ሐረር የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ካራማራን መውጣት አለበት። እስከ ተራራው ግርጌ ሜዳ ነው፤ መኪናዋ እንደ ርግብ ሄደች። ዳገቱ ሲጀምር ግን ሰይድ ይረግጣታል፣ እሷ አትሰማም። አንዴ ሳብ ታደርጋለች፣ ወዲያው ትዝላለች። ጠንከር አድርጎ ሲረግጣት ጭራሽ መርገፍገፍ ጀመረች። ከኋላ ያለው የጭነት መኪና ክላክሱን ይነፋል። ዳር ዳሩን ግመሎቹን ይዞ የሚወጣ አንድ ሽማግሌ በእግሩ ደረሰብን፣ በመስኮት ሰላም አለን፣ አልፎን ሄደ። የመጨረሻዋ ግመል ስታልፍ ዞር ብላ ያየችን መሰለኝ። ሰይድ ቀስ አድርጎ አዞረና ወደ ቤት ተመለስን። ላሆሁን ቤታችን ቁጭ ብለን በላነው።

ደግመን ሞከርን። እዚያው ቦታ ላይ ደከመች። በዚህኛው ጊዜ ትንሽ ወደ ኋላ ተንሸራተተች፤ ሰይድ የእጅ ፍሬን ይዞ አቆማት። ይህን አንድ የሚያውቀን ሰው አይቶ ለከድር ነገረው።

ከድር ክፉ ልጅ አይደለም። ካራማራ ላይ መኪና ሲንከባለል ያየ ልጅ ነው፤ ፍርሃት ነው ያናገረው። ጋራዥ አስገባት። ጋራዡ ፈታታት፣ ካንዴላ ቀየረላት፣ የቤንዚን ፓምፕ አጠበላት። በግቢው ውስጥ ሲያስነሷት ደህና ናት፤ ዳገቱ ላይ ያው ናት። ሌላ ጋራዥ ወሰዳት፤ እነሱ ደግሞ «መኪናዋ ምንም የላትም» አሉ። ከድር ያን ቀን ቤት መጥቶ፣ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ተክሎ፣ «አባዬ፣ መኪናዋ ምንም ከሌላት እንግዲህ…» አለና ዋጠው። ቆይቶ ጨረሰው። «አንድ የታወቀ መካኒክ አለ፣ ፋራህ የሚባል። እሱ ጋ የመጨረሻ እናሳያት። እሱም ጥፋት ካላገኘባት ቁልፉን ስጠኝ። መሄድ ስትፈልጉ እኔ እነዳችኋለሁ።»

ሰይድ «እሺ» አለ። ዝም ብሎ እሺ። አርባ ዘመን መሪ የጨበጠ ሰው እንዲህ በቀላሉ እሺ ማለቱ አስደነገጠኝ።

ምክንያቱን በማግስቱ ንጋት ላይ አወቅሁት። ሱብሂ ሰግዶ ሲጨርስ መስገጃው ላይ ተቀምጦ ቀኝ እግሩን ግድግዳው ላይ ያስደግፍና ይገፋል። ያርፋል፣ እንደገና ይገፋል። ሳየው አፈረ።

«ምን ሆነሃል ሰይዴ?»

«ነይ እስቲ፣ እጅሽን ስጪኝ» አለኝ። ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ። መዳፌን ውስጥ እግሩ ላይ ሳስደግፍለት ገፋኝ። «ይሰማሻል? ኃይል አለው? በአላህ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ዳገት ላይ የረገጥኩ ይመስለኛል፤ ምናልባት አልረገጥኩ ይሆናል። ሰው እግሩ ሲከዳው አያውቀውም ይላሉ።»

የልቡን ያኔ አወቅሁ። የኤረር መንገድ ነበር በመዳፌ ላይ ያለው። «ግድግዳውን ልታፈርሰው ነው» አልኩት። እውነቴን ነው፤ እንደ በሬ ነበር የሚገፋው። እሱ ግን አላመነኝም። ሚስት ለባሏ እግር ብትመሰክር ማን ያምናታል?

ከከድር ጋር ሆነን ፋራህ ጋ ሄድን። ጋራዡ ከከተማው ዳር፣ በቆርቆሮ የታጠረ ግቢ ነው። ፋራህ ጎልማሳ ሶማሌ ነው፤ ጢሙን በሂና ቀይ ያደረገ፣ ረጋ ያለ። ኮፈኑን ለመክፈት አልቸኮለም። መጀመሪያ ሻይ አስመጣልን። ሰይድ የመኪናዋን ነገር ሊያስረዳው አፉን ሲከፍት እጁን አነሳ።

«አደር ሰይድ፣ አንተ ቆይ። ሹፌር መኪናውን አያማም። የምታማት አጠገቡ የምትቀመጠው ናት።» ወደ እኔ ዞረ። «አዬዮ፣ አንቺ ንገሪኝ።» እዚህ አገር ሰው ሲያከብርሽ አንቱ አይልሽም፤ ወንዱን አደር፣ አጎቴ፣ ይለዋል፤ አንቺን አዬዮ፣ አያቴ፣ ይልሻል። ለእኔ ከአንቱ ይበልጥብኛል።

«ሜዳ ላይ ምንም አትል» አልኩት። «ዳገት ላይ ነው። በቀስታ ከረገጣት እያቃሰተች ትሄዳለች፤ ጠበቅ ሲያደርግባት ትርገፈገፋለች።»

«ድምፅዋስ?»

«አስም ያለበት ሰው አይተሃል? እንደዚያ ናት። ልትተነፍስ ትፈልጋለች፣ አይሞላላትም።»

«ጥቁር ጭስ አላት?»

«የላትም።»

«ከመሪው ፊት የሚበራ መብራት አለ?»

ሰይድን አየሁት። ሰይድ ሻዩን አየ። «ብርቱካን የሚመስል መብራት አለ» አልኩ። «ፕላስተር ለጥፎበታል።»

«ሩቂያ!» አለ ሰይድ።

ፋራህን ሳቁ ሻዩን አስተፋው። «አላልኩም? ሹፌር አያማም!» ከድር እንኳ ሳይወድ ሳቀ።

ከዚያ ፋራህ ስልኩን አወጣ፤ ከመሪው ስር አንዲት ትንሽ ዕቃ ሰካና ስልኩ ላይ አነበበ። «ቤንዚን አንሷታል ይላል። ለሌሎቹም ይህንኑ ብሏቸው ነው ፓምፑን የፈቱት። ማነሱን ያውቃል እሱ፤ ለምን አነሰ የሚለውን ግን አይነግርህም።» ኮፈኑን ከፈተ። ከአየር ፊልትሮው ቤት ወደ ሞተሩ የሚሄድ ወፍራም ጥቁር ቱቦ አለ፤ ቱቦው አፍ ላይ አንዲት ትንሽ ዕቃ ተሰክታለች፣ ሽቦ የያዘች። በካቻቪቴው ጫፍ ነካ አደረጋት።

«ሞተር ቤንዚን የሚያገኘው በሚገባው አየር ልክ ነው። ይቺ በር ላይ የተቀመጠች ዘበኛ ናት። ይህን ያህል አየር ገብቷል ብላ ትናገራለች። ብዙ አየር ገብቶ እሷ ትንሽ ነው ካለች፣ ትንሽ ቤንዚን ይላካል። ሜዳ ላይ ትንሹ ይበቃል። ዳገት ላይ ሞተሩ ይራባል።» ሽቦውን ከሶኬቱ ነቀለው። «አሁን ዝም አሰኘናት። ዘበኛዋ ዝም ካለች ሞተሩ በራሱ ግምት ይሠራል። በግምት ካራማራን ከወጣች፣ የምትዋሸው እሷ ነበረች ማለት ነው።»

«ካልወጣችስ?» አለ ከድር።

ፋራህ ትከሻውን ሰበቀ።

አራታችንም ገባን። ፋራህና ከድር ከኋላ፣ እኔ ከፊት። ፋራህ መሪውን ራሱ ሊይዝ ይችል ነበር፤ «አደር ይንዳት» አለ። መብራቱ ፕላስተሩን አሳብሮ ይበራል። ሜዳውን ስንሄድ ስለ ጫት ዋጋ፣ ስለ ዝናብ መዘግየት ይወራ ነበር። ተራራው ሲቀርብ ሁላችንም ሞተሩን ማዳመጥ ጀመርን። በግራ በኩል ነፋስ ያጎበጣቸው ግራሮች አሉ፤ እነሱን አልፈን ዳገቱ ጀመረ። ያ የምትደክምበት ቦታ መጣ።

«ርገጣት፣ አደር» አለ ፋራህ ከኋላ።

ሰይድ አልረገጣትም። ፈራ። እኔ ብቻ ነበርኩ የሚፈራውን የማውቀው። አሁን ረግጦ መኪናዋ ካልሄደች የቀረው ጥፋተኛ እግሩ ነው። እጄን ጉልበቱ ላይ አደረግሁ፤ በልጄ ፊት ይህን ያደረግሁት ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

«ሰይዴ፣ ርገጣት።»

ረገጣት። መኪናዋ አንድ ትንፋሽ ሳበችና ወጣች። በአላህ ስም እላችኋለሁ፣ ወጣች! ወንበሩ ጀርባዬን ሲገፋኝ ተሰማኝ። የእኔም እግር ሳላዝዘው ወለሉን ረግጧል፤ የማግዛት መስሎኝ። ፊት ለፊታችን እያቃሰተ የሚወጣ የጭነት መኪና ነበር፤ ሰይድ ክላክስ አደረገና አለፈው። ያ ክላክስ ልጆቼ በር ላይ ቆመው የሚሰሙት ክላክስ ነበር። ከድርም ሰማው መሰለኝ፣ ከኋላ እጁ ትከሻዬን ያዘኝ።

አናቱ ላይ ስንደርስ ሰይድ ዳር ይዞ አቆመ። ሞተሩን አጠፋና ቁልቁል እግሩን አየው።

«እግሬ ደህና ነው» አለ በቀስታ።

«ምን ሆኖ ነበር እግርህ?» አለ ከድር።

ከታች የጅግጅጋ ሜዳ ተዘርግቷል፤ የቤቶቹ ቆርቆሮ በፀሐይ ያብረቀርቃል፣ ነፋሱ ልብስ ያስወልቃል። ፋራህ ኮፈኑን ከፍቶ ያቺን ዘበኛ በሁለት ቡሎን ፈትቶ አወጣት። መሐሏ እንደ ፀጉር የቀጠነች ሽቦ አለች። «ይቺ ሽቦ ትሞቃለች፤ አየሩ ሲያልፍ ያቀዘቅዛታል። በመቀዝቀዟ ነው አየሩን የምትለካው። እዩ፣ ብርድ ልብስ ለብሳለች።» እውነትም ሽቦዋ በዘይትና በአቧራ ጭቃ ተሸፍናለች። ቀጥሎ የፊልትሮውን ቤት ከፈተ። የወረቀቱን ፊልትሮ በጣቱ ነካው፤ ጣቱ አብረቀረቀ።

ፋራህ ጣቱን አየ፣ ሰይድን አየ። ጣቱን ቶሎ በሱሪው ጠረገ።

«ከየት መጣ ይሄ ዘይት?» አለ ከድር።

«አቧራ ነው» አለ ፋራህ። «የጅግጅጋ አቧራ። በሁሉም መኪና ያለ ነው።»

እኔ ገባኝ። ሰይድ በየጁምዓው ጠዋት ከሶላት በፊት መኪናዋን ያጥባል፤ ፊልትሮውን ያወጣል፣ ያራግፋል፣ ከዚያ ንጹሕ የሞተር ዘይት በጨርቅ ነክሮ በፍቅር ይቀባዋል። አየዋለሁ፤ የልጅ ፀጉር የሚቀባ ነው የሚመስለው። በድሮው ካሚዮን የአየር ፊልትሮው ስር የዘይት ገበታ ነበረው፤ በበረሃ መንገድ አቧራውን የሚይዘው ያ ዘይት ነው። «አቧራ ዘይት ሲያይ ይሰግዳል» ይላል ሁልጊዜ። ይህን እውቀቱን ነው ለዚህች ትንሽ መኪና የሰጣት። የወረቀት ፊልትሮ ዘይቱን አይችለውም፤ ሞተሩ ሲተነፍስ ዘይቱ ተስቦ ያቺን ሽቦ ያለብሳታል።

ፋራህ ሊሸፍንለት ነበር። ከድር ይህን ከሰማ፣ አባቱ የዛሬን መኪና አያውቅም ብሎ ቁልፉን የሚወስድበት ምክንያት አገኘ ማለት ነው። እኔም ዝም አልኩ። ሰይድ ግን ብድግ አለ። ፊቱን ሳየው ደነገጥኩ፤ የሚስቅ ፊት ነው።

«አቧራ አይደለም! እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ዘይት የቀባኋት!»

«አንተ?» አለ ከድር።

«በየጁምዓው! እንደ ካሚዮን መስሎኝ!» ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ተሳስቼ ነው! ሰማሽ ሩቂዬ? አርጅቼ አይደለም፣ ተሳስቼ ነው!»

እንዲህ በጥፋቱ ደስ ያለው ሰው ከዚያ በፊትም ከዚያም በኋላ አላየሁም። ቆይቼ ሳስበው ግን ገባኝ። ስሕተት የጤነኛ ሰው ነገር ነው። ዛሬ ተሳስቶ ነገ የሚያርም ሰው ገና መንገድ አለው። እግሩ የከዳው ሰው ግን ምኑን ያርማል?

ከድር ነገሩን ቀስ እያለ ገጣጠመው። «አባዬ፣ እግርህ ነው ብለህ ነበር እንዴ?»

ሰይድ ቀኝ ጉልበቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ።

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ቁልፉን በእጅህ ይዘህ ለምትጠብቀኝ ልጅ፣ እግሬ ከዳኝ ብዬ?»

ከድር ጎማው አጠገብ ቁጭ አለና የፊልትሮውን ቤት በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ በቢሮ ሸሚዙ፣ ክርኑ ድረስ ዘይት እየነካው። ፋራህ ከቦርሳው የሚረጭ ማጽጃ አውጥቶ ሽቦዋን ጣት ሳያስነካ ረጫት፣ ነፋሱ እስኪያደርቃት ጠበቀ፣ ወደ ቦታዋ መልሶ ሶኬቱን ሰካ። የራሰውን ፊልትሮ ከቦርሳው ባወጣው አዲስ ተካና አሮጌውን ለሰይድ ሰጠው። «ይህን ማስታወሻ አድርገው፣ አደር። አዲሱን ደረቁን ነው የምትተነፍሰው።» ወርደን እንደገና ወጣን። በዚህኛው ጊዜ ዘበኛዋ እውነቱን ተናገረች።

ኤረር የሄድነው በዚያው ሰሞን ነው። ባቢሌ ላይ ለውዝ ገዛን፤ ሐረር ላይ ምሳ በላን፤ ድሬዳዋ ላይ ሙቀቱ እንደ እሳት ተቀበለን። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ሰይድ በየኩርባው ያውቀዋል። «እዚህ ጎማ ፈንድቶብኛል፤ እዚህ ሦስተኛዋ ልጃችን መወለዷን ሰምቻለሁ» እያለ ዘመኑን ሁሉ በመስኮት አሳየኝ። ለካ እኔ ቤት ስጠብቅ እሱም መንገድ ላይ ይጠብቅ ነበር።

የአትክልቱ ጠባቂ ከኢሳ ሶማሌ ጎሳ የሆነ ሽማግሌ ነበር። ሰይድ ነገሩን ሲነግረው ዛፉን በእጁ አሳየኝና ፊቱን አዞረልን፤ የሙሽሮች ነገር መስሎት ይሆናል። እጄ አልደረሰም። ሰይድ ቅርንጫፉን ጎንበስ አድርጎ ያዘልኝ። ብርቱካኑ ፀሐይ ይዞ ሞቆ ነበር፤ ጠምዘዝ ሳደርገው ከነቅጠሉ መጣ። ፍል ውኃው ዳር እግራችንን ነክረን በላነው። ያ ቀኝ እግሩ ውኃ ውስጥ ነጭ ሆኖ ይታይ ነበር። በእግሬ ነካ አደረግሁት። ወጣትነት ይህ ከሆነ አልሐምዱሊላህ፣ ደርሶኛል አልኩ በልቤ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ነዳን። ዓይኑ መድከም ሲጀምር፣ አንድ ጁምዓ ከመስጊድ ሲመለስ ቁልፉን ወስዶ ለከድር በእጁ ሰጠው። ከድር አልቀበልም አለ። «ማን ጠየቀህ አባዬ?» ሲለው፣ «ማንም አልጠየቀኝም። ስላልጠየቅኸኝ ነው የምሰጥህ» አለው።

ሰይድ ያረፈው ካቻምና ነው። የመጨረሻ ሰሞን አልጋ ላይ ሳለ ንግግሩ ከብዶት ነበር። ጠዋት ጠዋት ግን እግሩን ከብርድ ልብሱ ያወጣልኛል። የሚፈልገውን አውቃለሁ። መዳፌን አስደግፍለታለሁ፣ ይገፋል። አንዳንድ ቀን ወፍ ያረፈብኝ ያህል እንኳ አይከብድም። «ወጣህ ሰይዴ» እለዋለሁ፤ «ካራማራን ወጣህ፣ የጭነት መኪናውንም አለፍከው።» ዓይኑ ይስቃል። ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ አመነኝ መሰለኝ።

ያ ያልኳችሁ የሚኒባስ ሹፌር ፊልትሮውን አራግፎ ሲጨርስ ጠጋ አልኩት።

«ዘይት ትቀባዋለህ እንዴ?»

«ዘይት? ኧረ እማማ፣ እሱ የካሚዮን ዘመን ነው! ማን ነገረዎት?»

«የማውቀው ሹፌር ነበር» አልኩት።

ወንበሩን መለሰልኝ፤ ደግፎ አወጣኝ። ፍየሎቹ ጣራ ላይ ይጮኻሉ፣ ባለቤታቸው አሁንም ያጉረመርማል። ሞተሩ ተነሳ። የቀብሪበያ መንገድ ሜዳ ነው፤ ለመኪና የሚያስቸግር ዳገት የለውም። እኔ ግን መኪናው ሲነሳ እግሬን አየሁት፤ ቀኝ እግሬ ወለሉን አጥብቆ ረግጦ ነበር።